ዕቁብ ወጣልኝ፤ ፒኤስ 5 ልግዛበት?

ደብዳቤው

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጌም ቤት ከፍቻለሁ። ሁለት ፒኤስ 4 (የፕሌይስቴሽን ጌም ማሽን) እና ሁለት ባለ 32 ኢንች ቲቪ አለኝ። ሥራው እስካለፈው ዓመት ጥሩ ነበር። አሁን ግን ከእኛ ብሎክ ማዶ ሌላ ልጅ ፒኤስ 5 አስገባ። ቅዳሜና እሁድ ደንበኞቼ ወደዚያ መሄድ ጀምረዋል። ሰሞኑን ዕቁብ ወጣልኝ። ዕቁቡ የ24 ሳምንት ነው፣ እኔ የደረሰኝ በ7ኛው ነው። ዋሴ አጎቴ ነው። ሁለቱን ፒኤስ 4 ሸጬ፣ በዕቁቡ ላይ ጨምሬ ፒኤስ 5 ልገዛ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ «ፒኤስ 6 ሊመጣ ነው፣ ትንሽ ታገስ» ይለኛል። እናቴ «ለጨዋታ ይሄን ሁሉ ብር?» ብላ አኩርፋለች። የተጠየቅኩትን ዋጋ ከታች ጽፌልዎታለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከአራብሳ

መልስ

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህና ምክንያቱን ከዚያ እንነጋገርበታለን። ፒኤስ 5 ግዛ። ግን ሁለቱን ፒኤስ 4 አትሽጥ። ደግሞ ዛሬ አትግዛ። የጻፍክልኝን ዋጋ እዚህ አላወጣውም፤ ይህ ዓምድ እስኪነበብ ድረስ ሊቀየር ይችላል።

ከሽያጩ ልነሳ፤ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤትህን አስበው። ሁለት ስክሪን በርቷል፣ አራት ልጅ ይጫወታል፣ አግዳሚው ላይ ያሉት «ቀጥሎ እኔ ነኝ፣ ከአሸናፊው ጋር» እየተባባሉ ወረፋ ይይዛሉ። የተሸነፈው ይከፍልና ይነሳል። ሁለቱን ሸጠህ አንድ ፒኤስ 5 ብታስገባ፣ ያው ክፍል፣ ያው ኪራይ ሆኖ የሚጫወተው ሁለት ልጅ ብቻ ነው። ወረፋው ይረዝማል፣ ልጁ ይሰለቻል፣ ማዶ ያለው ቤት ደግሞ በሩ ክፍት ነው። ደንበኛ ለመመለስ ብለህ ግማሹን ወንበር ታነሳለህ ማለት ነው። ያገለገለ ፒኤስ 4 ሲሸጥ የሚያወጣው ብር ያን ያህል አይደለም። ቤትህ ውስጥ በየቀኑ የሚያስገባልህ ይበልጣል።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጆቹ ለምን እንደሄዱ ጠይቀሃቸዋል? «ፒኤስ 5 ስላለ ነው» ብለህ ደምድመሃል፤ ምናልባትም ልክ ነህ። ግን የራስህን ጆይስቲክ አንስተህ ተመልከተው። የግራው መሪ ጎማ ተልጦ፣ እጅህን አንስተህ እንኳ ተጫዋቹ ብቻውን ወደ መስመር የሚሮጥ ከሆነ፣ ልጁ የሸሸው ፒኤስ 4ን ሳይሆን ያንን ጆይስቲክ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጆይስቲክ ጎል የገባበት ልጅ ተሸንፎ ከፍሎ ይነሳል፣ ግን እንደተበደለ ይሰማዋል። በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። የማሽኑ ድምፅስ? የአራብሳን አቧራ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ማራገቢያው ውስጥ ገብቶ ሲጠራቀም ማሽኑ ይግላል፣ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ሲብስበት ጨዋታ መሀል ይጠፋል። ፈታ አድርጎ አቧራውን የሚያጸዳና የፕሮሰሰሩን ቅባት የሚቀይር ባለሙያ ፈልግ። ለዚህ የምታወጣው ብር ከአዲስ ማሽን ጋር አይወዳደርም።

ጊዜ የሚበላውን ሎድም፣ ጨዋታው እስኪከፈት ያለውን ጥበቃ፣ ማሳጠር ይቻላል። ፒኤስ 4 ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር፣ ዘገምተኛ ዓይነት ነው። አምራቹ ሶኒ ራሱ እንዲቀየር አድርጎ ነው የሠራው። 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ፣ ቢገባበት ጨዋታ ቶሎ ይነሳል። እንደ ፒኤስ 5 አይሆንም፣ ግን ልዩነቱ ይታያል። አንተ በግጥሚያ የምታስከፍል ከሆነ፣ በሁለት ግጥሚያ መሀል የሚባክነው ደቂቃ ሁሉ ያንተ ገንዘብ ነው።

ይህን ሁሉ የምልህ ፒኤስ 5 ለውጥ የለውም ለማለት አይደለም። አለው፤ ልጆቹም ያውቁታል። ሁላችንም እስከ ዛሬ ፊፋ የምንለው የእግር ኳስ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኤፍሲ ሆኗል። ከፊፋ 22 ወዲህ ደግሞ ሃይፐርሞሽን የሚሉት፣ ከእውነተኛ ተጫዋቾች እንቅስቃሴ የተቀዳው አሠራር የሚገባው በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ብቻ ነው። ፒኤስ 4 ላይ የሚመጣው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ ሌላ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። ኳሱን ሲቀበል፣ ሲዞር፣ ሲጋፋ እጅ ላይ የሚሰጠው ስሜት ይለያል። አንዴ ማዶ የለመደ ልጅ ሲመለስ ይከብደዋል። ቲቪህ 32 ኢንች ስለሆነ የሥዕሉ ጥራት ያን ያህል አያስደንቅም፤ ፒኤስ 5 የሚኩራራበትን 4ኬ የሚያሳየው 4ኬ ቲቪ ነው። የእንቅስቃሴውና የፍጥነቱ ለውጥ ግን በትንሽ ስክሪንም ይታወቃል። ስለዚህ ቲቪ ለመቀየር አትቸኩል።

አሁን «መቼ» ወደሚለው እንምጣ። አሮጌ ማሽን የሚሞተው አዲሱ የወጣ ቀን አይደለም። ሰው የሚፈልገው ጨዋታ ለአሮጌው መሠራት ሲያቆም ነው። ፒኤስ 4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ፒኤስ 3 ግን ከዚያም በኋላ ፊፋ እያገኘ ቆይቶ የመጨረሻው ፊፋ 19 ሆነ፣ በ2018 ማለት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አብረው ሄደዋል። ፒኤስ 5 የወጣው በ2020 ነው። በ2025 የወጣው ኤፍሲ 26 ለፒኤስ 4ም ተሠርቷል። ታሪኩ ከተደገመ በሩ መዘጊያው ሩቅ አይደለም። ኤፍሲን የሚሠራው ኩባንያ አዲሱን ጨዋታ ያለፉትን ዓመታት ያስተዋወቀው በእኛ ሐምሌ ላይ ነው። ገበያ የሚያወጣው ደግሞ መስከረም አጋማሽ ገደማ ነው። ሐምሌ ላይ ዝርዝሩን እይ። ፒኤስ 4 ስሙ ከሌለ ምልክቱ እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ጂቲኤ 6 የተባለ ጨዋታም የታወጀው ለፒኤስ 5 እና ተፎካካሪው ለሆኑት ለአዲሶቹ ኤክስቦክሶች ብቻ ነው። እሱን ግን ለጌም ቤት ብለህ አትጠብቀው። የሚወጣበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተገፍቷል። ደግሞ አንድ ሰው ለብቻው ሰዓታት የሚጫወተው ጨዋታ ነው፤ ያንተ ቤት የሚንቀሳቀሰው በ«ቀጥሎ እኔ» ነው።

ጓደኛህ ስለ ፒኤስ 6 የሚለውን አትስማ። ፒኤስ 3 በ2006፣ ፒኤስ 4 በ2013፣ ፒኤስ 5 በ2020፣ በየሰባት ዓመቱ ነው የመጡት። አዲስ ማሽን በወጣ ሰሞን ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ ጨዋታውም ጥቂት ነው፣ አራብሳ እስኪደርስም ጊዜ ይወስዳል። ደንበኞችህ እስከዚያ አይጠብቁህም።

«ልጠብቅና ይርከስልኝ» የሚለውም ድሮ ይሠራ የነበረ ምክር ነው። ፒኤስ 4 በ399 ዶላር ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ 299 ገብቷል። ፒኤስ 5 ግን ተቃራኒውን ነው ያደረገው። ሲዲ የሚወስደው በ2020 አሜሪካ ውስጥ በ499 ዶላር ወጣ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 2025 ላይ፣ በመቀነስ ፈንታ 50 ዶላር ተጨመረበት። የኛን ብር ደግሞ ታውቀዋለህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዋጋ ይወርዳል ብሎ ብር ይዞ መቀመጥ እዚህ አገር ኪሳራ ሊሆን ይችላል። «ዛሬ አትግዛ» ያልኩህ ስለዚህ እንዲረክስልህ አይደለም። ምክንያቴ ዕቁብህ ነው።

ወንድሜ፣ በ7ኛው ሳምንት ደርሶሃል። 17 ሳምንት ይቀርሃል። እጅህ ላይ ያለው ብር ትርፍ አይደለም፣ ዕዳ ነው። ሁሉንም ማሽን ላይ ብታፈሰውና አንድ ወር ሥራ ቢቀዘቅዝ፣ የዕቁቡ ዳኛ የሚሄደው አጎትህ ቤት ነው። ዋስ የሆነልህ ሰው ፊቱ እንዲጠቁር አታድርግ፤ ደግመህ ዋስ አታገኝም። እኔ አንተን ብሆን ከወጣልኝ ብር ላይ ቢያንስ የስምንት ሳምንት መዋጮ አንስቼ ለብቻ አስቀምጣለሁ፣ የማልነካውን። የሚቀረው ለማሽኑ ካልበቃ፣ አልበቃም ማለት ነው። ያኔ ጥቂት ወር አጠራቅም። እስከዚያ ጆይስቲኩን ቀይር፣ ፒኤስ 4ቶቹን አጽዳ።

በዚህ መሀል ደብተር ያዝ። በየቀኑ ስንት ግጥሚያ እንደተጫወቱ፣ ስንት ሰው መጥቶ «ፒኤስ 5 የለህም?» ብሎ እንደተመለሰ ጻፍ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ማሽኑ የሚያስገባውን ገቢ በሙሉ ቆጥሮ «በሦስት ወር ይመልሳል» ይላል። መቆጠር ያለበት ተጨማሪው ብቻ ነው። ፒኤስ 4 ላይ ሲጫወት የነበረው ልጅ ወደ ፒኤስ 5 ቢዛወር፣ አዲስ ገቢ የሚባለው በልዩነት የሚከፍለው ነው። የሄደ ደንበኛ ሲመለስ ግን ሙሉ ክፍያው አዲስ ነው። ለምሳሌ በቀን 300 ብር ተጨማሪ ቢያስገባልህ፣ በወር 26 ቀን ብትሠራ 7,800 ብር ነው። ጠቅላላ ወጪውን ለዚህ አካፍለው። የሚወጣው ቁጥር ስንት ወር እንደሚፈጅብህ ይነግርሃል። ከዓመት ካለፈ ተው እልሃለሁ። ስምንት፣ ዘጠኝ ወር ከሆነ ግባበት።

ጠቅላላ ወጪ ስል ሳጥኑን ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው አንድ ጆይስቲክ ነው። የፒኤስ 4ህ ጆይስቲክ ፒኤስ 5 ላይ የሚሠራው የፒኤስ 4 ጨዋታ ሲከፈት ብቻ ነው፤ የፒኤስ 5 ኤፍሲ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ሁለተኛ ጆይስቲክ ግዴታ ነው። ጨዋታውም አለ። ፒኤስ 4ህ ጄልብሬክ ተደርጎ፣ ማለትም የአምራቹ መቆለፊያ ተሰብሮ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ጌም የሚጫንበት ከሆነ፣ ያንን ኑሮ ፒኤስ 5 ላይ አትጠብቅ። ኦርጅናል ሲዲ ልትገዛ ነው፤ አዲስ ኤፍሲ ውጭ አገር 70 ዶላር ገደማ ነው። ይህም በየዓመቱ ይመጣል። ሦስተኛ ቲቪ ካልገዛህም ፒኤስ 5ቱን ከአንዱ ቲቪ ጋር አገናኝተህ አንዱን ፒኤስ 4 መጠባበቂያ ማድረግ ይኖርብሃል። የሚሻለው ግን ያገለገለ ሦስተኛ ቲቪ ነው፤ ክፍሏ ከቻለች። ፒኤስ 5 ላይ ትንሽ ጨምረህ አስከፍል፣ ፒኤስ 4 በድሮው ዋጋ ይቀጥል። ኪሱ ሳሳ ያለ ልጅም ቦታ ይኖረዋል።

መብራቱን አልረሳሁትም። ዳር አካባቢ ያለነው ብልጭ ድርግም ሲል ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ማሽን የሚገድለው መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚገባው ኃይል ነው። ፒኤስ 5 በጨዋታ ሰዓት 200 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ስሊም ከሚባለው ቀጭኑ ፒኤስ 4 እጥፍ በላይ ነው። ርካሽ ዲቫይደር ላይ ከሁለት ማሽንና ከሦስት ቲቪ ጋር አትደርድረው። ጥሩ ስታቢላይዘር ግዛ። ከቻልክ ትንሽ ዩፒኤስ ጨምርበት፣ ግጥሚያውን ጨርሰው በሥርዓት እስኪዘጋ ያህል የሚይዝ። ለስታቢላይዘር ብር ካልተረፈህ ለፒኤስ 5 ብር አልሞላህም ብለህ ቁጠረው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል፣ ተመልሶ ሲረጋ ሰካ። ይህን ቤቱን የሚጠብቅልህን ልጅም አስተምረው።

ስለዚህ ቀኑ መቼ ይሁን ካልከኝ፣ ሰኔ መጨረሻ እልሃለሁ። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ልጁን ሁሉ ከሜዳ ያስገባዋል፣ የጌም ቤት መኸር ያኔ ነው። ያን ጊዜ ዕቁብህም ወደ ማለቂያው ይቃረባል፣ ደብተርህም ብዙ ይነግርሃል። ክረምቱን ሙሉ ሠርቶልህ መስከረም ላይ አዲሱ ኤፍሲ ሲወጣ አንተ ዝግጁ ነህ። መስከረም ላይ ልጁ ሁሉ ትምህርት ቤት ሲገባ ገዝቶ ባዶ ወንበር ማየት ግን ያማል።

እናትህን በተመለከተ፣ ኩርፊያዋን አትናቀው። እናት ጌም ቤት ሲባል የሚታያት ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ነው፤ ስጋቷም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አታስገባ። በውርርድ የሚጫወቱትን አትፍቀድ። ይህን በሩ ላይ በትልቁ ጻፈው፤ የሰፈሩ ወላጅ ቤትህን በበጎ ያየዋል። ከዚያ ደብተሩን ይዘህ አጠገቧ ቁጭ በል። «እማ፣ ይሄ የኪራይ ነው፣ ይሄ የዕቁብ ነው፣ ይሄ ላንቺ የሚሰጥ ነው» ብለህ አሳያት። ጨዋታ ሳይሆን ሥራ መሆኑን በአፍ ከምትነግራት በቁጥር ብታሳያት ይገባታል። ያስቀመጥከውን የስምንት ሳምንት መዋጮ እሷ ዘንድ ብታኖረው ደግሞ አጎትህም እንቅልፍ ያገኛል።

ቤታችሁ ለራሳችሁ የምትጫወቱ አንባቢዎችም ይህን ዓይነት ጥያቄ ትልካላችሁ። ለእናንተ አጭር ነው። ከወንድምና ከጓደኛ ጋር ፊፋ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነና ፒኤስ 4ታችሁ ጤነኛ ከሆነ፣ ቆዩ። እንደ ስፓይደርማን 2 ያለ ፒኤስ 5 ላይ እንጂ ፒኤስ 4 ላይ የሌለ፣ በእርግጥ የምትፈልጉት ጨዋታ ሲኖርና ብሩ ከአስቤዛ ላይ የማይነሳ ሲሆን ግዙ።

ወደ አንተ ልመለስ። ለመግዛት ስትወጣ ሲዲ የሚወስደውን ምረጥ። «ዲጂታል» የሚሉት ይረክሳል፣ ግን እንደመጣ ሲዲ አይገባበትም፤ ጨዋታ ሁሉ በኢንተርኔት መግዛትና ማውረድ አለበት። የፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አንድ ጨዋታ ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ነው፤ ዳታውን አስበው። ሲዲ ግን ትገዛለህ፣ ሲሰለች ትሸጣለህ፣ ትለዋወጣለህ። አዲሱ ስሊም ላይ የሲዲ ማጫወቻው ተነጥሎ የሚገጠም ነው፤ መጀመሪያ ሲገጠም አንዴ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያለህ በስልክህ ሆትስፖት ከፍተህ ጨርሰው። ከዱባይም ይምጣ ከአሜሪካ፣ ማሽኑ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ የሚቀየረው ሶኬቱ ብቻ ነው።

ያገለገለ ከሆነ የራስህን ሲዲ ይዘህ ሂድ። አስገባው፣ ጫነው፣ አንድ ግጥሚያ እስከ መጨረሻው ተጫወት። «በርቷል፣ ይሠራል» ቢሉህ አትቸኩል። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ቀስ ብለህ ነካ ነካ አድርገው፣ ሥዕሉ ከጠፋ ተወው። ሁለቱንም ጆይስቲክ እጅህን ሳታስነካ ተመልከታቸው፣ ተጫዋቹ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ዋጋ ቀንስ ወይም ሌላ ጠይቅ። የቀድሞው ባለቤት አካውንት ከማሽኑ ላይ መውጣቱንና ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ያልታገደ መሆኑን እዚያው አረጋግጥ። ካርቶኑ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ከማሽኑ ጋር መግጠሙን እይ። ደረሰኝ ተቀበል፣ የዋስትናውን ጊዜ ደረሰኙ ላይ ያጽፉልህ። ብሩን ከዚያ በኋላ አውጣ።